ስለ ፈዋሽ የሚጻፍ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፦ ታሪኩን የሚገድሉ ስህተቶች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 አናሎግ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ አንድ ታሪክ ወጣ። ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ስለ ጉም፣ ስለ ሣር፣ ስለ አሸዋ» ይሆናል። ደራሲዋ ቮንዳ ማኪንታየር ናት። አንዲት ወጣት ፈዋሽ ሆዱ ውስጥ ዕጢ የበቀለበትን ልጅ ለማከም ሦስት እባቦቿን ይዛ በረሃ ትወርዳለች። ታሪኩ የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሐኪም ወይም ስለ ባለመድኃኒት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ረቂቁን አንብብልኝ ሲለኝ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይኸው ታሪክ ነው፤ ረቂቆቹ የሚወድቁባቸውን ጉድጓዶች ሳይነካ ያልፋቸዋልና። ያላነበባችሁት ካላችሁ መጨረሻውን መንካቴ ስለማይቀር ይቅርታ።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ፈዋሹን ምንም የማያቅተው ማድረግ ነው። እጁን ሲጭን ቁስል ይገጥማል፣ ሞተ የተባለው ይነሣል። በሦስተኛው ገጽ አንባቢው ሕመምተኛው እንደሚድን ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ የቀረውን ለምን ያነባል? ፈውስ ዋጋ ሊያስከፍል ይገባል። ድካም ግን ዋጋ አይደለም። በየረቂቁ ፈዋሹን ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ወድቆ ይተኛል፤ ሲነጋ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ቁርሱን ይበላል። ማኪንታየር ያደረገችውን ተመልከቱ። ከሦስቱ እባቦች ትንሹ ሥራው ማዳን አይደለም፤ ሕመም ያስታግሣል፣ በሞት አፋፍ ላለ ሰው ፍርሃቱን ያቀልለታል። ፈዋሿ ልጁ ሌሊቱን እንዳይፈራ ብላ ይህን እባብ ከአጠገቡ ትተወዋለች። ቤተሰቡ እባብ ከልጃቸው ጋር ተኝቶ ሲያዩ መታገሥ አልቻሉም፤ ገደሉት። የዚህ ዓይነት እባብ ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ልጁን ልታድን ሄዳ ሙያዋ ጎደለባት፤ ይህ ጉድለት ደግሞ ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

የሕመምተኛውን ወገኖች ደንቆሮ አድርጎ መሳልም ያው የስንፍና ልጅ ነው። ያላወቁ፣ ያልሠለጠኑ፣ በዕውቀት ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ሰዎች ለጸሐፊ ምቹ ናቸው፤ አንባቢው እንዲጠላቸው ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነገር ግን በረሃ ለሚኖር ሰው እባብ ሞት ነው። ይህን ማወቁ ነው ልጆቹን ያቆየለት። እባቡን የገደሉት እጆች ልጁን የሚወዱ እጆች ናቸው፤ ፈዋሿም ፍርሃታቸው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አስቀድማ መረዳት ነበረባት። እኔ ረቂቅ ሳነብ ፈዋሹን የሚቃወመውን ሰው ለብቻው አወጣና ጉዳዩን በራሱ አንደበት አስረዳኝ እለዋለሁ። የሚለው ነገር ካጣ ታሪኩ ገና አልተጻፈም።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ጸሐፊው ራሱ ሳያውቅ መጻፍስ? «ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰበት፤ ዳነም» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁ አልቆጥረውም። በማኪንታየር ታሪክ ከሦስቱ እባቦች አንዷ የሆነችው ኮብራ መድኃኒቱን ሌሊቱን በገዛ ሰውነቷ ውስጥ ታዘጋጃለች፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትገለባበጣለች፣ ፈዋሿም አጥብቃ ይዛት ታድራለች። ሲነጋ ንድፊያው ፈውስ ይሆናል። ፈጠራ ነው፤ ሥሩ ግን ከእውነታው ሩቅ አይደለም። ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት መነሻው በብራዚል የሚገኝ የአንድ እፉኝት መርዝ የሰውን የደም ግፊት እንዴት እንደሚያወርድ መጠናቱ ነው፤ በአሜሪካ በ1981 ተፈቀደ። የእባብ መርዝ ማርከሻም ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ለእንስሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለፈረስ፣ እየወጉ ከደሙ መከላከያውን በማውጣት ነው። ማኪንታየር ሥነ ሕይወት ተምራለች፤ ከጽሑፏም ይታወቃል። ሁሉም ይማር አልልም። የአንድ መድኃኒትን ታሪክ ከሥሩ ማንበብ ግን ከአሥር ሰማያዊ ብርሃን ይበልጣል።

ዓለሙን በመግቢያው ላይ ማስተማር ሌላው ነው፦ ስንተኛው ጦርነት፣ ስንተኛው ክፍለ ዘመን፣ ማን ማንን ወረረ። ሕመምተኛው በር ላይ ወድቆ ሳለ የታሪክ ትምህርት የሚሰማ የለም። ስም ላይም እንዲሁ፤ ምላስ የሚያሰናክል ስም ዘመኑን ሩቅ አያደርገውም። የማኪንታየር ፈዋሽ ስሟ «እባብ» ነው፤ የእባቦቿ ስም ደግሞ ጉም፣ ሣርና አሸዋ። ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

ለውድድር የምትልኩ ከሆነ ርዝመቱን እዩ። ኔቡላ አጭር ልብ ወለድ የሚለው ከ7,500 ቃላት በታች የሆነውን ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ 17,500 ያልሞላው የራሱ ምድብ አለው፤ የማኪንታየር ታሪክ ያሸነፈውም በዚያ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ቆጠራ መሆኑን ግን አትርሱ። «አልነገረቻቸውም» የምትለው አንዲት ቃላችን በእነርሱ አምስት ቃል ትሆናለች፤ በአማርኛ ያንኑ ቁጥር ልሙላ ያለ ሰው ሳያስፈልግ ሲያንዛዛ ይገኛል።

በመጨረሻ፣ የረጅም ልብ ወለድ አንደኛ ምዕራፍ ጽፎ አጭር ታሪክ ነው ማለት አለ። ፈዋሹ ይመጣል፣ አንድ ሰው ያክማል፣ ምሥጢራዊ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ አለቀ። ማኪንታየር ታሪኳን በ1978 ረጅም ልብ ወለድ አድርጋዋለች፤ እርሱም ኔቡላንና ሁጎ የተባለውን ሌላ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሽልማት ወስዷል። አጭሩ ግን ከዚያ በፊት ዓመታት በገዛ እግሩ ቆሟል። ልጁ ታክሟል፣ ትንሹ እባብ ሞቷል፣ ልቡ ወደ ፈዋሿ ያዘነበለ ሰው እዚያው አለ። እርሷ ግን የተረፉትን ሁለቱን እባቦች ይዛ ትሄዳለች።