የሴል ክፍፍልን በተስተካከለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንጽፋለን?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ ነው። ማይቶሲስን (አንድ ሴል ራሱን የሚመስሉ ሁለት ሴሎች የሚሆንበትን ክፍፍል) አብጠርጥሮ የሚያውቅ ተማሪ እንኳ የጽሑፍ መልስ ላይ ነጥብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ ምክንያት ነው። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር ገብታችሁ የምታጠኑ ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል።

ወረቀቱን ቁልቁል በሦስት ዓምድ ክፈሉት። ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ብላችሁ አርእስት ስጡ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከባለቤቱ ቀጥሎ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ልብ የማይባለው «ን» ነው። ክሮማቲዶች የአንድ ክሮሞሶም (የዲኤንኤ ጥቅል) ሁለት ግልባጮች ናቸው፤ የስፒንድል ክሮች ደግሞ ሴሉ ሲከፈል የሚጎትቷቸው ክሮች ናቸው። «የስፒንድል ክሮች ክሮማቲዶችን ይጎትታሉ» ብንልም «ክሮማቲዶችን የስፒንድል ክሮች ይጎትታሉ» ብንልም ጎታቹ ማን እንደሆነ አይጠፋንም፤ «ን» ተጎታቹን ለይታ ታሳየናለች። እንግሊዝኛ ለስም እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ የሚለየው በቦታ ነው። «ስፒንድል ፋይበርስ ፑል ክሮማቲድስ» ልክ ነው። ስሞቹን ብታቀያይሩ «ክሮማቲድስ ፑል ስፒንድል ፋይበርስ» ይሆናል። ሰዋስዉ አልተበላሸም፣ ባዮሎጂው ግን ተገልብጧል። አራሚው ስሕተት የሚያደርግባችሁም ሳይንሱን ነው።

ስለዚህ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት «አድራጊው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን የመጀመሪያው ዓምድ ላይ አስፍሩ። ይህ ዓምድ በፍጹም ባዶ አይሁን። «ይከፈላል» ስንል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዲቫይድስ ኢንቱ ቱ» ብሎ መጀመር አይቻልም። ስሙን መድገም ካልፈለጋችሁ ለአንድ «ኢት»፣ ለብዙ «ዜይ» አስገቡ።

የባለቤት ምርጫ አናፌዝ (ተጎታቾቹ ወደ ሴሉ ሁለት ጫፎች የሚሄዱበት ደረጃ) ላይ ሲደርስ ነጥብ ያስገኛል ወይም ያሳጣል። በማይቶሲስ አናፌዝ የሚለያዩት እህት ክሮማቲዶች ናቸው፤ «ሲስተር ክሮማቲድስ ሴፓሬት» በሉ። በሚዮሲስ (የክሮሞሶም ቁጥርን በግማሽ በሚቀንሰው ሂደት) አንደኛው ክፍፍል የሚለያዩት ግን ጥንድ ክሮሞሶሞች ስለሆኑ ባለቤቱ «ሆሞሎገስ ክሮሞሶምስ» ይሆናል። ዝም ብላችሁ «ክሮሞሶምስ ሴፓሬት» ብትሉ የትኛውን ክፍፍል እንዳሰባችሁ አይታወቅም።

ቀሪዎቹ ደረጃዎች ቀላል ናቸው። በኢንተርፌዝ «ዲኤንኤ ሬፕሊኬትስ»፣ በፕሮፌዝ «ክሮሞሶምስ ኮንደንስ»፣ በሜታፌዝ «ክሮሞሶምስ ላይን አፕ አት ዘ ኢኩዌተር»፣ በቴሎፌዝ «ቱ ኒውክሊያይ ፎርም»፣ በሳይቶካይኔሲስ «ዘ ሳይቶፕላዝም ዲቫይድስ»። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ተሳቢ የላቸውም፤ ሦስተኛውን ዓምድ ለመሙላት ብላችሁ ስም አትፈልጉለት።

አሁን «ስ»ን ተመልከቱ። በአሁን ጊዜ፣ ባለቤቱ አንድ ሲሆን «ስ» ግሱ ላይ ትገባለች፤ ብዙ ሲሆን ስሙ ላይ። «ዘ ሴል ዲቫይድስ»፣ «ዘ ሴልስ ዲቫይድ»። ሁለቱም ላይ ካለች ወይም ከሁለቱም ከጠፋች ቆም ብላችሁ መርምሩ። የሚያሳስቱ ቃላት አሉ፦ «ማይቶሲስ» እና «ኒውክሊየስ» በ«ስ» ቢያልቁም ነጠላ ናቸው፣ «ኒውክሊያይ» ደግሞ «ስ» ሳይኖረው ብዙ ነው። በአማርኛ «ሁለት ሴል» ማለት ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ የግድ «ቱ ሴልስ» ነው።

አማርኛ «ጎተተ»ን «ተጎተተ» የሚያደርገው በ«ተ» ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ «ኢዝ» ወይም «አር» ያስፈልገዋል፦ «ክሮማቲድስ አር ፑልድ ባይ ስፒንድል ፋይበርስ»። በጥድፊያ «አር»ን ከዘለላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል፤ ክሮማቲዶቹ ራሳቸው የጎተቱ ይመስላል።

በመጨረሻ ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የጤፍ የአካል ሴል 40 ክሮሞሶም አለው። በአማርኛ «40 ክሮሞሶም ያለው ሴል» ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ከስሙ በኋላ ይከተላል፦ «ኤ ሴል ዊዝ 40 ክሮሞሶምስ»። ቀጥሉና ስለ ማይቶሲስ «ኤ ቴፍ ሴል ዊዝ 40 ክሮሞሶምስ ፕሮዲዩሰስ ቱ ሴልስ ዊዝ 40 ክሮሞሶምስ ኢች» ብላችሁ ጻፉ። «ኢች» ከቀረች 40ው ለሁለቱ ተካፍሎ ለእያንዳንዱ 20 የደረሰ ሊመስል ይችላል። 20 የሚቀረው በሚዮሲስ ነው፤ ያኔም በመጨረሻ የሚገኙት ሴሎች አራት ናቸው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሰው ሴል፣ በ46 እና በ23፣ ደግማችሁ ሥሩት።

ስትጨርሱ ሦስተኛውን ዓምድ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ባለቤትና ግሱን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። «ይህ ነገር ይህን ማድረግ ይችላል?» ለሚለው መልሱ «አይችልም» የሆነበትን መስመር ሰርዛችሁ ከባለቤቱ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉ።