የሊስኒንግ ፈተና ላይ ነጥብ የት ይጠፋል? ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ለአይኤልትስ (ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) የሚዘጋጁ ሰዎችን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ስለ ማዳመጥ ክፍሉ፣ ስለ ሊስኒንግ፣ የሚቀርብልኝ ቅሬታ አነጋገሩ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ «ፈረንጆቹ ይፈጥናሉ» የሚል ነው። ይህንኑ ከዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከነርሶች፣ ከላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የውጭ የትምህርት ዕድል ከሚፈልጉ አዲስ ተመራቂዎች ሰምቻለሁ። ፍጥነቱ በእርግጥ ያሸነፋቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ፈተናው 4 ክፍልና 40 ጥያቄ እንዳለው፣ ኦዲዮው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰማ፣ መልሶቹ በንግግሩ ቅደም ተከተል እንደሚመጡ፣ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደማይቀነስ አንባቢው ያውቃል ብዬ እነሳለሁ። ይህን ገና የማያውቅ ሰው የፈተናውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ይወቀው።

ሲያነቡት የሚገባ፣ ሲሰሙት የሚጠፋ

ምልክቱ እንዲህ ነው። ተማሪው ኦዲዮውን ሰምቶ ከ10 ጥያቄ 4 ብቻ ይመልሳል። የዚያኑ ኦዲዮ ጽሑፍ ስሰጠው ግን መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ አንብቦ አሥሩንም በትክክል ይመልሳል። ይህን ሙከራ ከማንኛውም ትምህርት በፊት አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ጽሑፉን አንብቦም ያልመለሰ ሰው ችግሩ የቃላት እጥረት ስለሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት የሚበልጡት ግን የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ምክንያቱ እንግሊዝኛን የተማርነው በዓይናችን መሆኑ ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠናል፣ ከመጽሐፍ አንብበናል፣ በወረቀት ተፈትነናል፤ መምህሮቻችንም ቃሉን ብዙውን ጊዜ ያነበቡልን እንደ አጻጻፉ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል አእምሯችን ውስጥ የተቀመጠው እኛ ራሳችን ከሰጠነው ድምጽ ጋር ነው። ተናጋሪው ቃሉን በራሱ አጠራር ሲያሰማው ጆሯችን ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ባዕድ ቃል ይመስለዋል፤ ያንን ባዕድ ቃል ለመፍታት ስንታገል ቀጣዮቹ አራት አምስት ቃላት ያልፉናል፤ ከዚያም «ፈጠነብኝ» እንላለን። «ኮምፎርቴብል» ብለን የምናውቀው ቃል በኦዲዮው ላይ «ከምፍተብል» ሆኖ ይመጣል። «ሪሲፕት» ብለን ያጠናነው «ሪሲት» ነው። «ዌድነስደይ»ን የሚጠብቅ ጆሮ «ዌንዝዴይ» ሲባል ቀን መጠራቱንም አያስተውልም።

ከሁሉም የሚብሱት ደግሞ በአማርኛ ዘወትር የምንናገራቸው የውጭ ቃላት ናቸው፤ እናውቃቸዋለን ብለን ስለምንተማመን ማንም ተጠራጥሮ አያጠናቸውም። በላቦራቶሪ ሙያ ስምንት ዓመት የሠራ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ነበረኝ። የመልመጃው ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የት እንደሚገናኙ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር፤ እርሱም ባዶ ተወው። ደግሜ አሰማሁት፤ አሁንም ባዶ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ከፍቼ ቃሉ ላይ ሳቆመው «ለቦ ምናምን ትሪ» አለኝ። ተናጋሪዋ እንግሊዛዊት ስለነበረች «ላቦራቶሪ»ን የጠራችው «ለቦረትሪ» ብላ ነው፤ ጉልበቱን ሁሉ «ቦ» ላይ ጥላ የቀረውን ውጣዋለች። ጽሑፉን ሳሳየው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «መምህር፣ በየቀኑ የምገባበት ክፍል እኮ ነው» አለኝ። «ፖሊስ»፣ «ፎቶግራፍ»፣ «ቪታሚን»፣ «ማሽን» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ «ማሽን» በእንግሊዝኛ «መሺን» ነው፣ «ፖሊስ»ም «ፐሊስ» ነው። ከዚያ ወዲህ በግብርና የሚያስተምሩ አንድ መምህርም አትክልት የሚለውን ቃል በ«ቬጄቴብል» እየጠበቁት «ቬጅተብል» ሲባል «ደብል» ብለው ጽፈው አይቻለሁ። የሙያቸው ቃል ስለሆነ እጅግ ተናድደው ነበር።

ሌላው የዚህ ችግር መልክ በትንንሾቹ ቃላት ይታያል። «ይችላል» የሚለውን ቃል «ካን» ብለን ተምረናል። እንግሊዛዊ ተናጋሪ ግን በዓረፍተ ነገር መካከል ሲያስገባው «ከን» ብሎ በፍጥነት ያልፈዋል፤ «አይችልም» ሲል ደግሞ «ካንት» ብሎ ረዘም ያደርገውና መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ሊያፍናት ይችላል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ተማሪው «ካን» የሚል ድምጽ ሰምቶ «ይቻላል» ብሎ ይደመድማል፣ ተናጋሪው ያለው ግን «አይቻልም» ነው። «የቤት እንስሳ ማስገባት ይቻላል ወይ» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ አሥራ አንድ ተማሪ ተቀምጦ ዘጠኙ በዚህ ምክንያት ሲሳሳቱ ተመልክቻለሁ።

መፍትሄው አድካሚ ቢሆንም ውስብስብ አይደለም። ከ30 እስከ 40 ሰከንድ የሚረዝም ኦዲዮ ይምረጡ፤ ከዚያ የረዘመ አይያዙ። በመጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ አንድ ጊዜ ያዳምጡት። ቀጥሎ እያቆሙ የሰሙትን ቃል በቃል ይጻፉ፤ ያልተለየዎትን ድምጽ ባዶ ከመተው ይልቅ በፊደላችን እንደሰሙት ያስፍሩት። የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ የእንግሊዝኛን ድምጽ ሁሉ በትክክል ባይወክልም ጆሮዎ ምን እንደያዘ ያሳያል። ከዚያ ጽሑፉን ይክፈቱና ያስተያዩ። እያወቋቸው ያልሰሟቸውን ቃላት በደብተር ላይ ለሁለት ከፍለው ይመዝግቡ፤ በግራ ይጠብቁት የነበረውን ድምጽ፣ በቀኝ የተሰማውን። በመጨረሻ ከተናጋሪው እኩል ድምጽዎን ከፍ አድርገው፣ የእርሱን መውጣትና መውረድ እየተከተሉ አምስት ጊዜ ይናገሩ። አፍ ያላወጣውን ድምጽ ጆሮ ቶሎ አይለምድም። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ኦዲዮ ያለ ጽሑፍ ይስሙት። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ እኔ ያስተማርኳቸውና ሳያቋርጡ የሠሩት ለውጡን ያዩት ከስድስት ሳምንት በኋላ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ጽሑፉን እያዩ ማዳመጥ አይጀምሩ፤ ዓይን ሁሉንም ስለሚሠራው ጆሮ ያርፋል። የኦዲዮውን ፍጥነት አይቀንሱ፤ ሲዘገይ የተዋጡት ድምጾች ተጎትተው ይወጣሉ፣ ፈተናው ላይ ግን አይወጡም። በቀን ሦስት ሙሉ ፈተና አይሥሩ፤ ሠርቶ ነጥብ መቁጠር መለካት እንጂ መማር አይደለም። ኮምፒውተር ያነበበውን ኦዲዮ አይጠቀሙ፤ ሰው የሚውጠውን ድምጽ ማሽን ብዙ ጊዜ አጥርቶ ያወጣዋል። በቴሌግራም «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚዞረውን ኦዲዮም ይጠንቀቁ፤ ከስፒከር በስልክ እንደገና ተቀድቶ ከበስተጀርባው የባጃጅ ጡሩምባ የሚሰማበት፣ መልሱም የሌላ ፈተና የሆነ ፋይል ይዞ የመጣ ተማሪ ሁለት ሳምንት ሙሉ ትክክለኛ መልሶቹን እየሰረዘ ከርሟል። ፈተናውን ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ብሪቲሽ ካውንስል በድረ ገጹ ላይ ነጻ ናሙናዎችን አስቀምጦ ሳለ ሰው ለምን ለዚህ ገንዘብ እንደሚከፍል አይገባኝም።

አንድ ጥያቄ ካመለጠ በኋላ አምስት ባዶ ቦታ

የመልስ ወረቀቱ ከ1 እስከ 13 ተሞልቶ ከ14 እስከ 18 ባዶ ከሆነና ከ19 ጀምሮ እንደገና ከተሞላ፣ የጠፉት አምስት ጥያቄዎች አይደሉም፤ የጠፋው አንድ ነው፣ አራቱ እርሱን ሲፈልጉ የቀሩ ናቸው። ተፈታኙ 14ኛውን በጉጉት እየጠበቀ ተናጋሪው 17ኛው ላይ ደርሷል። መድኃኒቱ ምንጊዜም ሁለት ጥያቄ አብሮ መያዝ ነው፤ ዓይን 14 ላይ ሲሆን የ15ኛው ቁልፍ ቃል መታወቅ አለበት፤ እርሱን የሚመስል ነገር ሲሰማ 14ኛው ሄዷል ማለት ነው፣ ሰረዝ አድርጎ ማለፍ ነው። ይህ በተለይ አራተኛው ክፍል ላይ ያስፈልጋል፤ እዚያ አንድ ሰው ብቻ ትምህርታዊ ገለጻ ያደርጋል፣ እንደ ቀደሙት ክፍሎችም መሐል ላይ ቆም ብሎ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች የማንበቢያ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ አሥሩም ጥያቄዎች አስቀድመው መነበብ አለባቸው።

ትክክል ሰምቶ የተሳሳተ መልስ መጻፍ

ሁለት ሰዎች በስልክ ስለ ቀጠሮ ሲነጋገሩ «ማክሰኞ» ይባላል፤ ተፈታኙ ማክሰኞን ጽፎ እፎይ ይላል። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ሌላኛው ተናጋሪ ማክሰኞ እንደማይመቸው ገልጾ ሐሙስን ይጠይቃል፣ ሐሙስ ላይም ይስማማሉ። ፈተናው ሆን ተብሎ እንዲህ ይዘጋጃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሰሙትን በስሱ ይጻፉ፤ ንግግሩ ወደ ሌላ ጉዳይ እስኪያልፍ ድረስ ግን እንደ መልስ አይቁጠሩት። «አክቹዋሊ» ወይም «ሶሪ» የሚል ከሰሙ እጅዎ ለመሰረዝ ይዘጋጅ።

ፊደል፣ ቁጥርና ሰዓት

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ስም በፊደል ሲዘረዘር የእኛ ተማሪዎች የሚስቱበት ምክንያት ከአማርኛ የመጣ ነው። ስማችንን በላቲን ስንጽፍ የ«ኢ»ን ድምጽ በዘጠነኛው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የ«ኤ»ን ድምጽ ደግሞ በአምስተኛው እንወክላለን። እንግሊዛዊው ግን «ኢ» ብሎ የሚጠራው አምስተኛውን ነው፣ «ኤይ» የሚለው የመጀመሪያውን ነው፣ ዘጠነኛው «አይ» ይባላል። ተፈታኙ ፊደሉን ያውቀዋል፤ እጁ ግን በልማድ ይቀድመዋል። አንድ ጓደኛዎ የመንገድና የሰው ስም በፊደል እየዘረዘረልዎ በየቀኑ አሥር ስም ይጻፉ፤ በሁለት ሳምንት ይስተካከላል። የመጨረሻው ፊደል በእንግሊዝ «ዜድ»፣ በአሜሪካ «ዚ» እንደሚባል፣ ዜሮ በስልክ ቁጥር ውስጥ «ኦው» ተብሎ እንደሚጠራ፣ የተደጋገመ ቁጥርም «ደብል» ተብሎ እንደሚነገር አይዘንጉ። አሥራ ስድስትና ስልሳን የሚለየው የመጨረሻዋ ድምጽ ብቻ አይደለም፤ «ሲክስቲን» ወደ መጨረሻው ይጠብቃል፣ «ሲክስቲ» መጀመሪያው ላይ ይጠብቃል።

ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቢሮው የሚከፈተው «ናይን ሰርቲ» ላይ ነው ሲባል፣ አንዲት ጎበዝ ተማሪ 3፡30 ብላ ጻፈች። በትክክል ሰምታለች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ብላ ተርጉማ ነው የጻፈችው። በአእምሮ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያዳምጥ ሰው የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሳያውቀው ይቀንሳል። የፈተናው ሰሞን የስልክዎን ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርገው በእንግሊዝኛ እያነበቡ ይሰንብቱ።

መልሱ ትክክል፣ ነጥቡ ዜሮ

በዚህኛው ትዕግሥቴ ያልቃል። መመሪያው ከሁለት ቃል እንዳይበልጥ ብሎ ሳለ ሦስት ቃል የጻፈ ሰው መልሱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ነጥብ የለውም። የብዙ ቁጥር «ስ» መጨረሻ ላይ የተረሳች እንደሆነም እንዲሁ ነው፤ ከባዶው ቦታ በፊት ነጠላ መሆኑን የሚያመለክት ቃል ከሌለ ብዙ ቁጥር ሊሆን እንደሚችል ቀድሞ መጠርጠር ይገባል። የሆሄ ስህተት ነጥብ ያስጥላል፤ የእንግሊዝም የአሜሪካም አጻጻፍ ግን ተቀባይነት አለው። ከ40ው 23 ያገኘ ወደ 6 ባንድ (የፈተናው የውጤት ደረጃ መጠሪያ ነው)፣ 30 ያገኘ ወደ 7 ባንድ ስለሚጠጋ፣ በእንዲህ ያለ ግዴለሽነት የሚጠፉት ሦስት አራት ነጥቦች ማመልከቻን ውድቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። በወረቀት የሚፈተን ሰው መልሱን ወደ መልስ ወረቀት የሚገለብጥበት 10 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በኮምፒውተር የሚፈተን ግን ማጣሪያ 2 ደቂቃ ብቻ ስላለው፣ የ10 ደቂቃውን ልማድ ይዞ የገባ ይደነግጣል። ባዶ ቦታ አይተዉ። ምንም ያልሰሙበትንም ቢሆን ገምተው ይሙሉ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ካርታ ላይ የሚጠፉ ተማሪዎች አሉ፤ እኛ መንገድ የምንጠቁመው «ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት» እያልን ስለሆነ ግራ፣ ቀኝ፣ ሰሜንና ደቡብ በእንግሊዝኛ ሲነገር እጃቸው አይከተልም፤ ማንኛውንም ካርታ ዘርግቶ ከመግቢያው በጣት እየተከተሉ መለማመድ ይበቃል።

የአውስትራሊያ ወይም የኒውዚላንድ አነጋገር ግራ ካጋባዎት የዚያን አገር ዜና ለጥቂት ቀናት ያዳምጡ።

ቤት ውስጥ ነጥብዎ ድንገት ከወረደ መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫውን ይፈትሹ፤ አንዱ ጎኑ የሞተ ርካሽ ኤርፎን እየተጠቀሙ አንድ ወር ራሳቸውን የወቀሱ አሉ። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ እየወረደ የተሠራ ፈተናም አይቆጠርም።

ለፈተና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ 275 ኪሎ ሜትር ገደማውን በዋዜማው ይጨርሱት፤ ሌሊት ተነስቶ ከመኪና በቀጥታ ፈተና ክፍል የገባ ጆሮ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥያቄዎች የሚሰማቸው በእንቅልፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ኦዲዮው ከመጀመሩ በፊት ድምጹ ሲሞከር ከደከመብዎት ወይም ከተቆራረጠብዎት ያኔውኑ እጅዎን ያንሱ፤ አንዴ ከጀመረ በኋላ ለእርስዎ ብሎ ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም።