የጦር አውሮፕላኑ ከስልኬ ላይ ጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ትንሽ ወረድ ብሎ ስልክ እጠግናለሁ። ሰዉ የበረራ መከታተያ አፕ ጭኖ የጦር አውሮፕላን ማሳደድ ከጀመረ ወዲህ ግን ከተሰበረ ስክሪን ይልቅ ይሄ ይበዛብኛል። አንድ ከአየር ኃይል በጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ማኪያቷቸውን እንደያዙ ይገቡና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ተበላሸ" ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልተበላሸም።

ምልክት፦ አውሮፕላኑ ከካርታው ጠፋ

መጀመሪያ ሌሎቹን እዩ። የመንገደኞቹም ቀጥ ካሉ ዳታችሁ ነው፤ ዘግታችሁ ክፈቱት። እሱ ብቻ ከጠፋ ስልኩ ደህና ነው። አፑ ሬዳር የለውም። አውሮፕላኑ ራሱ በ1090 ሜጋኸርዝ "እዚህ ነኝ" ይላል፤ መሬት ላይ ያሉ መቀበያዎች ሰምተው ያስተላልፋሉ። የጦር አውሮፕላን ዝም ማለት ይችላል። ወይ ደግሞ መቀበያ የሌለበት ባሕር ላይ ገብቶ ይሆናል።

መፍትሄው መጠበቅ ነው። ስልኩን ፎርማት አታድርጉ። አንድ ደንበኛዬ አድርጎት የልጁ ፎቶዎች በሙሉ ሄዱ።

ምልክት፦ ሰዓታት ሙሉ አንድ ቦታ ይዞራል

"መሪው ተቆልፎበታል" ብለውኝ ነበር ጋሼ። የዙሩን ቅርጽ እዩ።

ረዘም ያለ ሞላላ ከሆነ ኢ-3፣ ማለትም አዋክስ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ አክምባሎ የደፋ የሚመስለው ነው። አክምባሎው 9.1 ሜትር ስፋት ያለው የሬዳር ቤት ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን በ10 ሰከንድ አንዴ ይዞራል። ለምን ሰማይ ላይ ወጣ? እኛ ከአራት ኪሎ ሆነን ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን አናይም፤ መሬት ላይ የተተከለ ሬዳርም እንደዚያው ነው። 9,000 ሜትር ላይ ሲወጣ ግን ዝቅ ብሎ የሚበረውን እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ያዩትን ይዘው ተዋጊ ጄቶችን ይመራሉ። ስለዚህ የትም መሄድ የለበትም፤ ሥራው እዚያው መቆየት ነው።

ጠባብ ክብ ከሆነ ነገሩ ይጣፍጣል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኢ-6ቢ ባሕር ውስጥ ላሉ ሰርጓጅ መርከቦች ትእዛዝ ያስተላልፋል። ተራ ሬዲዮ ውሃው ውስጥ ብዙም አይዘልቅም፤ በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ረጅም አንቴና ይፈልጋል። አውሮፕላኑ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቦ ከኋላው ይለቃል። የቻርጀር ገመድ አንስቼ አሳየኋቸው። ቀጥ አድርጌ ስጎትተው ገመዱ ወደ ኋላ ተጋደመ። እጄን በትንሽ ክብ ሳዞር ጫፉ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ለሽቦውም የሚፈለገው ይኸው መንጠልጠል ነው። ጋሼ ገመዱን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት፤ ማኪያቶው ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ።

ምልክት፦ ብዙ አውሮፕላን ቤይሩት ኤርፖርት ላይ ተከምሯል

የጂፒኤስ ማጭበርበር ነው። በዚያ አካባቢ የሐሰት ሲግናል ይለቀቃል፤ አውሮፕላኑ የተሳሳተ ቦታ ያነብና ያንኑ ያሰራጫል። ከእናንተ በኩል የሚደረግ ነገር የለም።

ምልክት፦ "የፍጻሜ ቀን አውሮፕላን ተነሳ!" የሚል ቪዲዮ ደረሳችሁ

ይህ ኢ-4ቢ ነው፤ ከቦይንግ 747-200 የተሠራ፣ አሜሪካ 4 ብቻ ያላት። የምድሩ ማዘዣ ቢመታ ጦሩ ከአየር እንዲታዘዝ የተዘጋጀ ነው። ግን ለልምምድም ይነሳል፣ የመከላከያ ሚኒስትሩንም ይዞ ውጭ አገር ይሄዳል። መነሳቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። እንዲያውም ሉኪንግ ግላስ የሚባለው የአየር ላይ ማዘዣ ከየካቲት 1961 እስከ ሐምሌ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ሌት ተቀን ሰማይ ላይ ነበር፤ አንዱ ሳይተካው ሌላው አያርፍም። ከ29 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ቪዲዮ ሠሪዎቹ ያኔ ቢኖሩ በየቀኑ ዓለም ታልፍ ነበር።

መፍትሄ፦ ቪዲዮውን ዝጉት፣ ለቤተሰብ ግሩፕ አታስተላልፉት። ጋሼ አስተላልፈውት እህታቸው ከደሴ ደውለው "ሽሮ ልግዛ ወይ?" አሏቸው።