በኮሮና ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የት ገባ? ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በኮሮና ጊዜ «ዘንድሮ እኮ ጉንፋን የሚባል ነገር ዞር ብሎም አላየኝ» ሲባል ሰምታችኋል። በአብዛኛው እውነት ነው። በብዙ አገር ወቅት ጠብቀው የሚመጡት የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ችግሩ ከዚያ ተነስተን የምንደርስባቸው ድምዳሜዎች ናቸው።

«ኢንፍሉዌንዛውን ነው ኮሮና ያሉት» ማለት

ይሄ ወሬ ብዙ ተወርቷል። የአውስትራሊያ፣ የቺሊና የደቡብ አፍሪካ ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በሦስቱ አገሮች ከ83 ሺህ በላይ ናሙና ለኢንፍሉዌንዛ ተመረመረ። ቫይረሱ የተገኘው በ51 ናሙና ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት፣ በዚያው ወቅት፣ ከ100 ናሙና ወደ 14 በሚሆኑት ይገኝ ነበር። ሁለቱ ቫይረሶች ዘረመላቸው ለየቅል ስለሆነ የላቦራቶሪ ምርመራው አንዱን በሌላው ስም አይጠራም። ፈልገው ነው ያጡት።

«ኮሮናን ካላቆመ እርምጃው ከንቱ ነበር» ማለት

ይሄኛው ብልህ ሰው የተናገረው ይመስላል። እስቲ እናስላው። በተለመደው ጊዜ አንድ የኢንፍሉዌንዛ ታማሚ በአማካይ ወደ 1.3 ሰው ያስይዛል። የመጀመሪያው ኮሮና ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሰው። አሁን ቤት በመዋል፣ ትምህርት ቤት በመዝጋትና በመሳሰለው እርምጃ የሰው ንክኪ በግማሽ ቀነሰ እንበል። 100 የኢንፍሉዌንዛ ታማሚዎች 130 ሰው ማስያዛቸው ቀርቶ 65 ያስይዛሉ። እነዚያ 42፣ እነዚያ ደግሞ 27። እንዲህ እንዲህ እያለ ይከስማል። ኮሮናን በ3 ብንይዘው ግን 100ዎቹ 150 ያስይዛሉ፣ እነዚያ 225። እየጨመረ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል። እርምጃው ያው አንድ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ከቀደሙት ዓመታት ለኢንፍሉዌንዛ የተወሰነ መከላከያ ተርፎት ነበር። ለአዲሱ ቫይረስ ግን ሰውነታችን ባዶ እጁን ነበር።

በነገራችን ላይ ቢ/ያማጋታ የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ከመጋቢት 2020 ወዲህ መኖሩ በምርመራ አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ከክትባቱ እንዲወጣ መክሯል። አንድ ዝርያ እንዲህ ድምጥማጡ ሲጠፋ ማየት ለእኔ ከሁሉም ይገርማል።

ምስጋናውን ሁሉ ለማስክ መስጠት

ማስክ ረድቷል። ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሰው ቤቱ ውሎ፣ አውሮፕላን ቆሞ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ስለመጡ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መቁረጥ ከባድ ነው። ጉዞን ብቻ እንይ። ሕፃናትን የሚያጣድፈው አርኤስቪ የሚባል የመተንፈሻ አካል ቫይረስ በ2020 ኒውዚላንድ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። በሚያዝያ 2021 ከአውስትራሊያ ጋር ያለ ለይቶ ማቆያ መጓዝ ተፈቀደ። በዚያው ክረምት የሕፃናት ክፍሎች በአርኤስቪ ተጨናነቁ።

ሁሉንም ቫይረስ በአንድ ዓይን ማየት

ተራውን ጉንፋን በብዛት የሚያመጣው ራይኖ ቫይረስ ብዙም አልተበገረም። እንደ ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮል እንደ እነሱ በቀላሉ አይገድለውም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከልጆቹ ጋር አብሮ ገባ።

«ቤት ተቀምጠን መከላከያችን ዛገ» ማለት

የሰውነት መከላከያ ካልሠሩበት የሚሟሽሽ ጡንቻ አይደለም። የሆነው ሌላ ነው። በየዓመቱ ብዙ ሕፃን አርኤስቪ ይይዘውና ለቀጣዩ ጊዜ በመጠኑ ይጠነክራል። እገዳው ሲመጣ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች ሳይነካቸው አደጉ። እናቶችም ለረጅም ጊዜ ቫይረሱ ስላላገኛቸው በእርግዝና ለልጃቸው የሚያወርሱት ፀረ እንግዳ አካል አነሰ። ስለዚህ ቫይረሱ ሲመለስ የሚይዘው ልጅ በዝቶ ጠበቀው። ወቅቱንም አልጠበቀም። ምዕራብ አውስትራሊያ በ2020 መጨረሻ በሞቃቱ ወራት፣ አሜሪካ ደግሞ በ2021 በእነሱ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሞቃት ጊዜ ተነሳ።

የቀን መቁጠሪያን ማመን

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ቤት ውስጥ የሚሠራው ነው። ልጁ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ ደረቱ ሲሰረጎድ፣ ጡት መጥባት ሲያቅተው «ወቅቱ አይደለም፣ ቀላል ነገር ነው» ብሎ ማሳደር። ወሩ ምንም ይሁን፣ ይሄ ልጅ ዛሬውኑ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።