የሰፈር ፕላን ኮሚቴያችን ከመበተን የተረፈበት መንገድ

ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያለው ሰፈራችን የራሱን ፕላን ለማውጣት ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ሐሳብ ሞልቷል። ሰው ግን እየሳሳ ሄደ። ካርታው ሲዘረጋ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

«ሥልጠና ይሰጠን» ተባለ። እኔ የፈለግኩት ግን ነገሩን ያለፈበት ሰው ነበር። ከሌላ ሰፈር ኮሚቴ አንድ ጡረተኛ መምህርና አንዲት ባለሱቅ እናት ቡና ጠራን። ጅማ ሆነን መቼም ቡና አይቸግርም።

እትዬ ካርታውን ይዘው ቦዩ ዳር ወሰዱን። «1 ለ2000 ማለት እኮ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 20 ሜትር ነው» አሉ። ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው በገመድ ለካን፤ 60 ሜትር። ካርታው ላይ በማስመሪያ፣ 3 ሴንቲ። ከዚያ በኋላማ ጥያቄው ጎረፈ።

ጋሼ ደግሞ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ን አነሱ። የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም እንደ እኛ ያለው የሰፈር ፕላን፣ ከመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም ከመላ ከተማው ፕላን ጋር መጣጣም አለበት። ዋናው መንገድ እዚያ ላይ ከተሰመረ፣ ስለ እሱ የምናደርገው ጭቅጭቅ ወሬ ብቻ ነው። እኛ የምንወስነው ውስጡን ነው።

አሁን ሁለቱ ኮሚቴዎች በየተራ ቡና እያፈላን እንገናኛለን። ችግርህን ይዘህ ትመጣለህ። የሚመልስልህም «እንዲህ አድርግ» ሳይሆን «እኛ ጋ እንዲህ ነበር» ብሎ ይጀምራል። ኦሮምኛ አጥርቶ የሚጽፍ ልጅ የሁለታችንንም ደብዳቤ ያዘጋጃል። ቀጣዩ ቀጠሮ የእነሱ ሰፈር ነው፤ ገመዱን እኛ እንይዛለን።