ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥራ ቀድመው ጡረታ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በፖስታ ቤት፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታልና በሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ጡረታቸው «ፌርስ» በሚባለው ሥርዓት ይተዳደራል። ሥርዓቱ ሦስት እግር አለው፦ ወርሃዊ ጡረታ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ እና ቲ ኤስ ፒ የተባለው የቁጠባ ሂሳብ። ከ62 ዓመቱ በፊት መውጣት የሚፈልግ ሰው ከስሌቱ ይልቅ የሚሳሳተው በየትኛው በር እንደሚወጣ ባለመለየቱ ነው። ደመወዛቸውም የአገልግሎት ዘመናቸውም እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ፣ አንድ ወር ቀድሞ ስለለቀቀ ብቻ የጤና ኢንሹራንሱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል።

«ሥራ ለቀቅሁ» እና «ጡረታ ወጣሁ» አንድ ይመስላሉ

መጀመሪያ ዝቅተኛ የጡረታ ዕድሜዎን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ 57 ነው፤ ከ1953 እስከ 1964 ለተወለደ 56፤ ከ1965 እስከ 1969 ለተወለደ ደግሞ በ56 ላይ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ወር ይጨመራል። እዚህ ዕድሜ ሳይደርሱ በፈቃድዎ ከለቀቁ ጡረታው ለወደፊት ይቀመጥልዎታል እንጂ አይጠፋም፤ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው በ62 ዓመቱ ይቀበላል። የጤና ኢንሹራንሱ ግን አይመለስም፤ ያልተጠቀሙበት የሕመም ፈቃድም አይቆጠርም። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግለው ዕድሜው ከሞላ በኋላ ከወጡ ነገሩ ሌላ ነው፦ ጡረታውን ወዲያው መጀመር ወይም ማቆየት ይችላሉ፤ ቢያቆዩትም ከታች የምናየውን የአምስት ዓመት ደንብ አሟልተው ከነበረ አበሉ ሲጀምር ኢንሹራንሱ አብሮ ይመለሳል። ለ57 ዓመት ሦስት ወር የቀረው ሰው ዛሬ ሥራ መልቀቂያ ቢያስገባ፣ ከዚህ የሚብስ ስህተት አናውቅም።

በዚህ አጋጣሚ የልደት ቀንዎ በፋይሉ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱ። የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያዩ፣ ስደት ላይ በተሞላ ቅጽ የተሳሳተ ዓመት የተመዘገበበት ሰው ጥቂት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱና የሶሻል ሴኩሪቲው መዝገብ የማይስማማ ከሆነ አስቀድመው ያስተካክሉ።

ቅነሳውን ሳያሰሉ አበሉን ወዲያው መጀመር

በዝቅተኛው ዕድሜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ግን ከ30 ዓመት በታች አገልግለው ከወጡ፣ ከ62 ለጎደለው ለእያንዳንዱ ዓመት 5 በመቶ ይቀነሳል። ቅነሳው የዕድሜ ልክ ነው፤ 62 ሲሞላዎት አይነሳም።

በቁጥር እንየው። አንዲት የ57 ዓመት ሠራተኛ 20 ዓመት አገልግላለች፤ የሦስቱ ከፍተኛ ተከታታይ ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደመወዟ 80,000 ዶላር ነው። በየዓመቱ አገልግሎት 1 በመቶ ሲታሰብ ጡረታዋ በዓመት 16,000 ይሆናል። ወዲያው ከጀመረች ግን 25 በመቶ ተቀንሶ 12,000 ነው። 20 ዓመት ስላላት እስከ 60 ዓመቷ ብታቆየው ሙሉውን 16,000 ታገኛለች። በመጠበቋ የቀረባት 36,000 ዶላር በየዓመቱ በምታተርፈው 4,000 እየተካካሰ በ69 ዓመቷ እኩል ይመጣል። እስከ 62 ብትሠራስ? 62 ዓመት ሞልቶት ቢያንስ 20 ዓመት አገልግሎ ለሚወጣ ስሌቱ 1.1 በመቶ ስለሚሆን፣ ደመወዟ ባለበት ቢቆም እንኳ 22,000 ይደርሳል።

ማቆየት የራሱ ክፍተት አለው። እስከ 60 ስትጠብቅ የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ይቋረጣል፤ በጊዜያዊነት መቀጠል የሚቻለው እስከ 18 ወር ሲሆን፣ ሙሉውን ዋጋና 2 በመቶ ጭማሪ ከኪስ ያስከፍላል። የባል ወይም የሚስት ኢንሹራንስ ካለ ያኔ ይጠቅማል።

የአምስት ዓመቱን ደንብ መርሳት

ኢንሹራንሱን ይዞ ለመውጣት ከጡረታ በፊት ባሉት ተከታታይ አምስት ዓመታት በፌዴራሉ የጤና ዕቅድ ሥር መሆን ያስፈልጋል። በፌዴራል ሠራተኛ የትዳር ጓደኛ ዕቅድ ሥር የቆዩበት ጊዜ ይቆጠራል፤ በግል ድርጅት በሚሠራ የትዳር ጓደኛ ኢንሹራንስ የቆዩበት ግን አይቆጠርም። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ የራሱን የተወ ሰው በ52 ዓመቱ ተመልሶ ካልገባ በ57 ዓመቱ ይቸገራል። የፖስታ ቤት ሠራተኞች ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ ራሳቸው ዕቅድ ቢዛወሩም፣ በቀድሞው የነበሩበት ጊዜ ይደመርላቸዋል።

የፈቃድ ማስያዣውን ቀን እንደ ጡረታ ቀን መውሰድ

የሠራተኛው የቅጥርና የዕድገት ሁኔታ በሚመዘገብበት በኤስ ኤፍ 50 ቅጽ ሣጥን 31 ላይ ያለው ቀን የዓመት ፈቃድ የሚሰላበት ነው። ከ1988 በኋላ የጡረታ መዋጮ ሳይቆረጥ በጊዜያዊነት የተሠራ ጊዜ በአጠቃላይ ለጡረታ አይያዝም፤ ፖስታ ቤት በጊዜያዊነት ለጀመሩት ይህ ጥቂት ዓመታት ሊያጎድል ይችላል። ከሠራተኛ አስተዳደር የጡረታ የአገልግሎት ቀንዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ያንን ጊዜ ለማስያዝ የሚከፍለውን ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት መጨረስ አለበት። የሕመም ፈቃድም 2,087 ሰዓቱ እንደ አንድ ዓመት አበሉን ያሳድጋል እንጂ የጎደለ የአገልግሎት ዓመት አይሞላም።

ኦቨርታይም ስሌቱ ውስጥ አይገባም። በኦቨርታይም የለመደ ኑሮ ጡረታው ሲመጣ ይደነግጣል።

መሥሪያ ቤቱ የሚከፍተውን በር ከሌላው ጋር ማደባለቅ

መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲቀንሱ ቀድሞ የመውጫ ዕድል ይሰጣሉ፦ በ50 ዓመት ከ20 ዓመት አገልግሎት ጋር፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ከ25 ዓመት ጋር። የዕድሜ ቅነሳ የለበትም። የኑሮ ውድነት ማስተካከያው ግን በ62 ነው የሚጀምረው፤ በ50 ዓመቱ የወጣ ሰው 12 ዓመት በአንድ መጠን ይቆያል።

ሶሻል ሴኩሪቲ እስኪደርስ የሚሰጠው ድጎማም ለሁሉም አይደለም። በዚህ በር የወጣ ዝቅተኛው ዕድሜ ሲሞላው ያገኘዋል፤ በ30 ዓመት አገልግሎት ወይም በ60 ዓመቱ ከ20 ዓመት ጋር የወጣም ያገኘዋል፤ በ10 ዓመቱ በር የወጣ አያገኝም። መጠኑ በግምት የ62 ዓመት ሶሻል ሴኩሪቲዎ በአገልግሎት ዓመታት ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል ነው፤ 1,500 ዶላርና 25 ዓመት 937 ዶላር ገደማ ይሰጣል። ከዓመታዊው የገቢ ገደብ (በ2025 23,400 ዶላር ነበር) በላይ የሠራ ሰው ከገደቡ ካለፈው በየሁለት ዶላሩ አንድ ዶላር ከድጎማው ይቀነስበታል፤ የኡበር የተጣራ ገቢም ይቆጠራል፣ የቤት ኪራይ ግን አይቆጠርም።

ቲ ኤስ ፒውን መቸኮል

55 ዓመት በሚሞላዎት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከለቀቁ፣ ገንዘቡን ሲያወጡ ያለ ዕድሜ ለሚያወጣ ሰው የሚጣለው የ10 በመቶ ቅጣት የለም። በ50 ዓመቱ የወጣ ይህ መብት የለውም። ገንዘቡን ወደ ግል የጡረታ ሂሳብ ያዛወረም መብቱን እዚያው ይተዋል፤ እስከ 59 ዓመት ተኩል መጠበቅ ይመጣል።

ለትዳር ጓደኛ የሚቀረውን ድርሻ መተው

ለትዳር ጓደኛ ግማሽ ጡረታ እንዲቀር 10 በመቶ፣ ሩብ እንዲቀር 5 በመቶ ከአበልዎ ይቀነሳል። ይህን ለማዳን ብለው ከተዉት፣ ሌላ የራሱ መብት የሌለው የትዳር ጓደኛ እርስዎ ሲያልፉ የጤና ኢንሹራንሱንም ያጣል። ስለዚህም ነው ከግማሽ በታች ለመምረጥ የትዳር ጓደኛ ፊርማ በኖተሪ ፊት የሚጠየቀው።

ቀኑን በተመለከተ፣ አበሉ ከለቀቁበት ቀጥሎ ባለው ወር የመጀመሪያ ቀን ይጀምራል፤ ጁን 30 የወጣ ከጁላይ 1፣ ጁላይ 1 የወጣ ግን ከኦገስት 1። ወዲያው ለሚጀምር ማመልከቻው ለዓመታት ኤስ ኤፍ 3107 የተባለው የወረቀት ቅጽ ነበር፤ ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ግን በኦንላይን ነው የሚገባው፤ አቆይቶ ለሚጀምር አር አይ 92-19፣ ከሚፈልገው ቀን ሁለት ወር ያህል ቀድሞ። የጡረታ ወረቀቶች ለአሥርት ዓመታት ሲስተናገዱ የኖሩት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ የቀድሞ የኖራ ድንጋይ ማዕድን ጉድጓድ ነው፤ ፍጥነቱን ከዚህ ይገምቱ። ፋይሉ እስኪያልቅ የሚላከው ከፊል ክፍያ ስለሆነ የጥቂት ወራት ወጪ በእጅ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።