ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ለምን ይጠቁራል?

የእህቴን የሰርግ ፎቶ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው ያስተካከልኩት፤ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት አፍ ያስከፍታል። ታትሞ ሲመጣ ግን የሙሽራው ጥቁር ኮት ከኋላው ካለው ጥላ ጋር አንድ ሆኖ ኮሌታው እንኳ አይለይም። አታሚዎቹን ልጣላ ስነሳ ሞኒተሬን አየሁት፤ ብራይትነሱ 100 ላይ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው፤ ብርሃኑን ከክፍሉ ጋር ሳያመዛዝኑ ቀለም መነካካት። የድሬ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል፣ እኛም ብራይትነሱን እስከ ጫፍ እንሰቅለዋለን። ስክሪን በራሱ ስለሚያበራ የጠቆረ ፎቶም ብሩህ ይመስላል፤ ወረቀት ግን ያገኘውን ብርሃን ከመመለስ ሌላ ምንም የለው። መጋረጃውን ዝጉ፣ ሞኒተሩን ከመስኮቱ ጎን አድርጉት። ከዚያ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ነጭ ወረቀት አጠገቡ ያዙ። ስክሪኑ አምፖል ከመሰለ ቀንሱ፣ ከወረቀቱ ጎን ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። በመለኪያ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ብርሃን የሚለካበት አሃድ) ላይ ያደርጉታል፤ ለቤት ወረቀቷ ትበቃለች።

ቀጥሎ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» የሚባለው ሞድ አለ። ሱቅ ውስጥ ዓይን ለመሳብ ይጠቅማል፣ ለትክክለኛ ቀለም አይሆንም። ሜኑው ውስጥ «ኤስአርጂቢ» ካለ እሱን ምረጡ፤ ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት የቀለም ደረጃ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው ምስልም የሚሠራው በሱ ነው። ከሌለ ከለር ቴምፕሬቸሩን፣ ማለትም ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላበትን ልክ፣ 6500 ኬልቪን ላይ አድርጉ። ብዙ ሰው 9300 ይወዳል፣ ሰማያዊ የነካው ነጭ የጸዳ ስለሚመስል። ጣጣው የሐበሻ ቀሚስ ላይ ይመጣል፤ ሰማያዊውን ለማጥፋት ቢጫ ትጨምራላችሁ፣ ሲታተም ሙሽሪት ጭስ የጠገበ ነጠላ የለበሰች ትመስላለች።

ግድግዳም ያሳስታል። ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ያለው የአክስቴ ክፍል ደማቅ አረንጓዴ ነው። እዚያ ሲቀመጡ ዓይን አረንጓዴውን ይለምድና ስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ ወደ ሮዝ ያደላ ይመስላል። ቤት አስቀቡ አልልም አቦ! ከሞኒተሩ ጀርባ ነጭ ጨርቅ ስቀሉ።

ናይት ላይት፣ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚቀይረው ሞድ፣ በርቶ ማስተካከልማ ከንቱ ልፋት ነው። መብራት ሄዶ እንደመጣም ወዲያው አትጀምሩ፤ ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ።

የዊንዶውስን የቀለም ማስተካከያ የምትከፍቱት የሞኒተሩን አዝራሮች ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። ጋማው (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ድምቀቶች ልክ) ላይ ክቦቹ መሃል ያሉት ነጠብጣቦች እስኪጠፉ ድረስ አንሸራትቱ። ላፕቶፕ ከሆነ ግን መጀመሪያ ክዳኑን ፊት ለፊታችሁ አቅኑት፤ ርካሾቹ ስክሪኖች ትንሽ ሲያዘነብሉ ጥላው ሁሉ ይለወጣል።

የሰው ቁጥር መኮረጅም አያዋጣም። እኔ ብራይትነሱን 35 ላይ አውርጄ ያንኑ ፎቶ አስተካክዬ ባሳትመው የኮቱ ኮሌታ ወጣ። ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ አሮጌ ሞኒተሩን 35 ላይ አደረገውና ማታ በሬን አንኳኳ፤ «ስክሪኔ ሞተ» ብሎ።